የመምህራን ጾም

በጋሞ ደጋ፣ በባለቤቴ አገር ገረሴ፣ ለሁለት ዓመት ያህል እንደ ጻድቅ ተቆጥሬያለሁ። እያጋነንኩ አይደለም። የባለቤቴ ዘመዶች እኔ ስገባ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። አንዲት ጎረቤትማ የታመመች ፍየሏን እየጎተተች አምጥታ "ጸልይላት" ብላኛለች። ምን ላድርግ፣ ጸለይኩላት። ፍየሏ ዳነች። ከዚያ በኋላማ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ለዚህ ሁሉ ክብር ያበቃኝ ግን ጸሎቴ አይደለም፣ ሆዴ ነው።

ወተት አይስማማኝም። አንድ ብርጭቆ ከጠጣሁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሆዴ ይነፋል፣ ከዚያ መጮህ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ለአንባቢ ክብር ስል እተወዋለሁ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ስጠይቅ ወተት ውስጥ ያለውን ስኳር ሆዴ መፍጨት እንዳልቻለ ነገሩኝና "ብዙ ሰው ነው እንዲህ የሚሆነው፣ አትጨነቅ" ብለው ሸኙኝ። ብዙ ሰው ከሆነ የት እንደተደበቀ እንጃ፤ እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም አላጋጠመኝም።

ክፋቱ ደግሞ አይስክሬም ነፍሴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ሰሜን፣ ብርድ አገር ነው። አርባ ምንጭ የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ተመድቤ ስመጣ ሙቀቱን የቻልኩት ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ባለች አንዲት አይስክሬም ቤት ነው። እበላለሁ፣ እሠቃያለሁ፣ "ሁለተኛ አይለምደኝም" እላለሁ፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሼ እሄዳለሁ። ባለቤቴንም የተዋወቅኳት እዚያው ነው። መጀመሪያ የተቀጣጠርን ዕለት ስለ ትምህርቷ እየነገረችኝ ሳለ ሆዴ ጮኸ።

"ስልክህ ነው?" አለችኝ።

"አዎ" አልኩና ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ "ሃሎ፣ ሃሎ" እያልኩ ወደ ውጭ ሮጥኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቼ ስመለስ ቦታዋ ላይ ነበረች። ይቺን ነው ማግባት ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

እውነቱን ስነግራት ብዙ ሳቀች፣ ከዚያ ግን ሳቋ በአንዴ ጠፋ። "እናቴ እኮ ላም አላት" አለች።

"ታዲያ ምን አለበት?"

"አልገባህም። ላም አላት።"

በኋላ ገባኝ። እናቷ ገረሴ ላይ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ስድስት ልጅ ያሳደጉት በእርሻቸውና በአንዲት ላም ነው። ያቺ ላም ብትሞት ልጇ ትተካለች፣ እሷም ብትሞት ልጇ፤ ቤቱ ያለ ላም አድሮ አያውቅም። እንግዳ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚቀርብለት በታጠነ ቅል የተቀመጠ ወተት ነው። ወተቱን ያልተቀበለ እሳቸውን አልተቀበለም። ከስድስቱ የመጨረሻዋን ልጅ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ቅሉን ግጥም አድርጎ ሲጠጣ መታየት አለበት።

የእኔ እናት የሞተችው ኮሌጅ እያለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ "በልተሃል ወይ?" ብሎ ከልቡ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ እኚህን ሴት እንዳላስቀይም የፈራሁት ለጋብቻው ብዬ ብቻ አይደለም። እናት እፈልግ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ይህን ሲናገር ያሳፍራል፣ ግን እንደዚያ ነበር።

የመጀመሪያው ጉብኝት ረቡዕ ቀን ዋለ። እናቷ ጎንበስ ብለው ከጓዳ ወጡ፤ ቅሉ በሁለት እጃቸው ነው። አረፋው ከአፉ ላይ ይታየኛል። "እንካ ልጄ፣ ጠጣ። መንገዱ ደክሞሃል" አሉኝ። ያኔ ነው አፌ እኔን ሳያማክር የተናገረው።

"ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ ጾም ላይ ነኝ፣ እማማ።"

ጠዋት እንቁላል ፍርፍር በልቼ መውጣቴን የምናውቀው እኔና እንቁላሉ ብቻ ነበርን። እሳቸው ቅሉን እንደያዙ ቆም አሉ። ቤተሰቡ የወንጌል አማኝ ነው፤ ኦርቶዶክስ ጾም እንዳለው ያውቃሉ፣ መቼ መቼ እንደሚውል ግን አያውቁም፣ ለምን ብለው ያውቃሉ? ከዚያ ቅሉን ወደ ጓዳ መልሰው በጋሞኛ ለልጃቸው አንድ ነገር አሏት።

"ምን አሉ?" አልኳት ስንወጣ።

"'እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው አገኘሽ' አለች" አለችኝና ከንፈሯን ነክሳ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረች።

እዚያ ላይ ብቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን ሁለተኛው ጉብኝት ቅዳሜ ዋለ፣ ሦስተኛው እሁድ። ቅዳሜ ዕለት "ጾም ላይ ነኝ" ስል ማንም ምንም አላለም። እሁድ ዕለትም እንደዚያው። አንዴ መንገዱ ከተከፈተ ምን ይገታኛል? የነቢያት ጾም፣ ዐቢይ ጾም፣ የሐዋርያት፣ የፍልሰታ፣ ሁሉንም አከታትዬ ጾምኩ፤ በመካከል ባዶ የቀሩትን ሳምንታት ደግሞ በራሴ ፈጠራ ሞላኋቸው። አንድ ጥር ላይ የፈተና ወረቀት ሳርም ከርሜ ስሄድ "ይሄኛውስ የምን ጾም ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"የመምህራን ጾም" አልኩ።

"ለተማሪዎቹ ነው?"

"አዎ፣ እንዲያልፉ።"

ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኔም አፍሬ መሬት መሬት ሳይ፣ ትሕትና መሰላቸው።

ደግሞ ያላሰብኩበት ጣጣ መጣ። ወተት የማይነካ ጾመኛ ሥጋም አይነካማ! የገና በሬ ሲታረድ፣ የባለቤቴ ወንድሞች ቢላ ይዘው ክብ ሠርተው ጥሬውን እየቆረጡ በሚያቃጥለው የቃሪያ ዳጣ ሲበሉ፣ እኔ ጥግ ላይ ድንችና ጎመን ይዤ እቀመጣለሁ። ሥጋ ደግሞ ለሆዴ እንዴት እንደሚስማማ! አንድ ቀን ታላቅየው ወንድሟ ቁራጩን አንጠልጥሎ በአጠገቤ ሲያልፍ እጄ ብቻውን ሲዘረጋ ያዝኩት፣ በሌላኛው እጄ።

የጾም ሊቅ ተደርጌ ስለተያዝኩ ጥያቄም ይመጣልኝ ነበር። ከተጋባን በኋላ አንዴ አማቴ "ጾም ላይ ያለ ሰው ራሱን ቅቤ ይቀባል?" አሉኝ። የማውቀው ነገር የለም። ትንሽ ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁና "ከጆሮ በላይ ይፈቀዳል" አልኩ። ይህ ትምህርት እስከ ዛሬ ገረሴ ውስጥ እንደሚሠራበት ሰምቻለሁ።

ይህን ሁሉ እንደ ቀልድ ልይዘው እችል ነበር፣ ድስቱ ባይኖር። አንድ ቀን ጓዳ ስገባ ጆሮው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት አዲስ ድስት አየሁ። "የማን ነው?" ስል "የአንተ" አሉኝ። ቅቤ የነካው ዕቃ ጾሜን እንዳያፈርስብኝ ብለው ገበያ ወርደው ለእኔ ብቻ የገዙት ነው። ማማሰያውም ለብቻ ነው፣ ቢላዋም ለብቻ። ሌላው የቡላ ገንፎውን በወተትና በቅቤ ሲበላ የእኔን በውሃ ያገነፉና "ጣዕም የለውም አይደል? አይዞህ" እያሉ አጠገቤ ተቀምጠው እስክጨርስ ይጠብቁኛል። ያን ዕለት ማታ አርባ ምንጭ ስንመለስ ባለቤቴን "እነግራቸዋለሁ" አልኳት። "ንገራት" አለች። አልነገርኳቸውም። እንዴት ብዬ? ገንፎውን ስበላ ያዩኝ የነበረበትን ዓይን የሚያጠፋው ቃል ከእኔ አፍ እንዲወጣ አልፈለግኩም።

ባለቤቴ በበኩሏ ሌላ ዘመቻ ላይ ነበረች። ያለ ላም ወተት አይስክሬም ልትሠራልኝ ቆርጣለች። መጀመሪያ አኩሪ አተር ቀቅላ ፈጨች፤ የወጣው የቀዘቀዘ ሽሮ ነው። "እንጀራ አምጪልኝ" ብያት ሁለት ቀን አኩርፋኛለች። ቀጥሎ ተልባ መጣ። ተልባው ማንኪያውን ከያዘ አልለቅም አለ፤ ወደ ላይ ስስበው አይስክሬሙ ከነሳህኑ ተከትሎኝ ተነሳ። የአጃው ደግሞ አራስ ቤት የሚጠጣ አጥሚት ሆኖ ቀረ፤ ጠጥቼ ስጨርስ፣ ፕሮቴስታንት ሆና ሳለ፣ "እንኳን ማርያም ማረችህ" አለችኝ። ሰሊጡ መረረ። የለውዙ ጥሩ ይሆን ነበር፣ ግን ሳይፈጭ ግማሹን እኔ በልቼው ተገኘሁ።

በመጨረሻ ሱፍ ትዝ አለኝ። እናቴ በጾም ወራት ሱፍ ለብ አድርጋ ትቀቅልና ትወቅጠዋለች፣ ከዚያ በውሃ እያሸች በነጠላ ታጠልለዋለች፤ የሚወርደው ውሃ ነጭ ነው፣ ልክ እንደ ወተት። ለባለቤቴ ነገርኳት። አጠለለችው። አርባ ምንጭ አጠገብ ላንቴ የሚበቅለውን ሙዝ ልጣ ፍሪዘር ውስጥ አሳደረችና ከሱፉ ጋር ፈጨችው፣ ትንሽ ማር ጨመረችበት፣ መልሳ አቀዘቀዘችው። በላን። ጥርስ የማያስፈልገው፣ ምላስ ላይ ሲደርስ የሚለሰልስ፣ እውነተኛ አይስክሬም ነበር። ከዚያ ቁጭ ብለን ሆዴን ጠበቅን። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት። ባለቤቴ ጆሮዋን ሆዴ ላይ ለጥፋ አዳመጠች።

"ተኝቷል" አለች።

ይህ የሆነው ከፋሲካ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በሁለተኛው ሳምንት እሁድ አማቴ አዲሱን ቆርቆሮ ቤታቸውን የሚያስመርቁበት የምስጋና ጉባኤ ነበር። ባለቤቴ ለእናቷ ልታስቀምስ ከአይስክሬሙ በትልቁ ፔርሙዝ ሞልታ ያዘች። ወደ ገረሴ የሚወጣውን መንገድ ለሚያውቅ ሰው የአይስክሬሙን ዕጣ መናገር አያስፈልግም። መኪናው ሲዘል እሱም ሲዘል፣ ሲንገጫገጭ ሲንገጫገጭ፣ ስንደርስ ክዳኑን ከፍታ አየችውና "ወተት ሆኗል" አለች። መልሳ ዘጋችው።

ግቢው በሰው ሞልቷል። መጋቢው መጥተዋል፣ መዘምራኑ መጥተዋል፣ በሬው ታርዷል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ውስጥ ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም ማንም ኦርቶዶክስ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ግን እዚያ ቤት ከእኔ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም ብዬ ልቤን ሞልቼ ተቀመጥኩ። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ድሮ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ መጥተው ጡረታ ሲወጡ እዚያው የቀሩ ናቸው አሉኝ። በአንድ እጃቸው ሥጋ፣ በአንድ እጃቸው ቢላ ይዘዋል። አንገታቸው ላይ ያለውን ማተብ ያየሁት ዘግይቼ ነው።

አማቴ ባለ ቀይ ክሩን ድስት ይዘው መጡና ከፊቴ አስቀመጡት። በኩራት፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ "አማቼ ጾም ላይ ነው" አሉ።

ሽማግሌው ቢላቸው አየር ላይ ቆመ። "የምን ጾም?"

"የ..." አልኩ።

"ልጄ፣ በዓለ ሃምሳ ነው እኮ! ማን ይጾማል? ደግሞስ በእሁድ?"

መዘምራኑ ከበሯቸውን ያዙ። መጋቢው ጉርሻቸውን ዋጡ። አማቴ እኔን ያያሉ፣ እኔ ድስቱን አያለሁ። የመምህራን ጾም ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቀዩን ክር ሳይ ግን መዋሸት አቃተኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያላቃተኝ እዚያ ላይ አቃተኝ።

"ጾም ላይ አይደለሁም፣ እማማ" አልኩ። "ሆኜም አላውቅም። ወተት አይስማማኝም። ያን ዕለት እንዳላስቀይምዎት ብዬ ዋሸሁ፣ ከዚያ ማቆም አልቻልኩም።"

ከበስተኋላ አንድ ሰው ሳቀና በክርን ሲመቱት ተሰማኝ። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ። አማቴ ቀስ ብለው ከፊቴ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

"እንዴት ነው የማይስማማህ?" አሉኝ።

"ሆዴን ያመኛል።"

"ይነፋል?"

"ይነፋል።"

"ቶሎ ነው? ወይስ ቆይቶ?"

"ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ።"

"ከዚያ ይጮኻል?"

"በጣም።"

"ሰው ይሰማል?"

"ስልክ ነው እላለሁ።"

"ከዚያስ? ከዚያ በኋላስ?"

"እማማ፣ መጋቢው እየሰሙ ነው።"

እሳቸው መጋቢውን ዞር ብለውም አላዩ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፣ ከዚያ "የእኔም እንደሱ ነው" አሉ።

ለአፍታ ማንም አልገባውም። መጀመሪያ የገባት ባለቤቴ ናት። "እማዬ! አንቺ የማትጠጪው ለእኛ ብለሽ አልነበር?"

"ለእናንተም ነው" አሉ። "ግን መጀመሪያ ለሆዴ ነው።"

ታላቅየው ወንድሟ ተነስቶ ቆመ፣ መልሶ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። ምስኪን! ያን ዕለት ጠዋት ነው በጉባኤው ፊት ቆሞ እያለቀሰ "እናቴ እኛ እንድናድግ ብላ አንድ ቀን ወተት ሳትቀምስ አሳደገችን" ብሎ የመሰከረው። ግማሹ ምእመን አብሮት አልቅሷል። መጋቢውም በስብከታቸው መሃል ሁለቴ ጠቅሰውታል። አሁን መጋቢው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

አማቴ አንዴ ከጀመሩ አላቆሙም፤ በአማርኛም በጋሞኛም እየቀላቀሉ፣ ባለቤቴ በጆሮዬ እየተረጎመችልኝ፣ ሁሉን አወጡት። ሙሽራ ሆነው የመጡ ዕለት የባላቸው እናት ቅል ሙሉ ወተት ሰጥተዋቸው ጠጡ። ሌሊቱን እንሰት ጓሮ ውስጥ አሳለፉት። ወተት የማይችል ሆድ ያላት ሚስት ገዷ ለከብት አይሆንም ተብሎ እንዳይመልሷቸው ፈሩ። በነጋታው ቅሉ ሲመጣ "ለልጆቹ ይቀመጥ" አሉ።

"የትኞቹ ልጆች?" አሉ ሽማግሌው፣ ቢላቸውን ጨርሰው አስቀምጠው።

"ገና የሉም ነበር" አሉ አማቴ። "ለሚወለዱት አልኩ።"

ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይሰማል። መዘምራኑ ተደጋግፈው ሳቁ፣ ሽማግሌው እንባቸውን በማተባቸው ሊጠርጉ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ገና ፍርዴ አልተነገረኝም። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ፣ የሰማኝ ያለ አልመሰለኝም። እሳቸው ግን ሰምተዋል። እጄን ያዙና ወደ መጋቢው ዞሩ።

"ስድስት ወልጃለሁ" አሉ። "ሆዴን የወረሰ አንድም የለም። ሁሉም ወተት እንደ ጥጃ ነው የሚጠጡት። ይሄኛው ብቻ ነው የወረሰኝ።"

እዚያ ላይ አለቀስኩ። ሰው ሲስቅ እኔ ማልቀሴን ማንም ልብ አላለም፤ ብቻ ሽማግሌው ዝም ብለው አንድ ትልቅ ቁራጭ ሥጋ ቆርጠው አጎረሱኝ። የሁለት ዓመት ጾሜን እንደዚያ ፈታሁ፣ እንባና ዳጣ እየደባለቅሁ።

ያኔ ነው ባለቤቴ ፔርሙዙን ያስታወሰችው። በብርጭቆ ቀድታ ለእናቷ አቀበለቻቸው። እሳቸው ነጩን ነገር ሲያዩ ወደ ኋላ ሸሹ፤ ከተናዘዙ ገና ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም።

"ላሟ የታለች?" አሉ።

"ላም የለበትም፣ እማዬ። ሱፍና የላንቴ ሙዝ ነው። አይስክሬም ነበር፣ መንገድ ላይ ቀለጠ።"

አሸተቱት። ጣታቸውን ነክረው ቀመሱት። ከዚያ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀና ብለው ጠጡ፣ እንግዳ የሰጡትን ሲጠጣ ያዩትን ሁሉ እሳቸውም አደረጉት፤ ቀስ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ሲያወርዱት የላይኛው ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። ግቢው ሁሉ ጸጥ ብሎ የሳቸውን ሆድ ይጠብቃል፣ መዘምራኑ ሳይቀሩ። እኔ ጊዜውን በሰዓቴ ያዝኩ። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ምንም ድምፅ የለም። "ጨምሪልኝ" አሉ ለልጃቸው።

የቀረው እየተንጠፈጠፈ የአማቴን ብርጭቆ ሞላ። ታላቅየው ወንድም፣ ያ ግንድ የሚያክል ሰውዬ፣ ምራቁን ዋጥ አድርጎ የራሱን ብርጭቆ ዘረጋ። "እማዬ፣ ለእኔስ?" አለ።

አማቴ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ።

"አንተ የድርሻህን ጠጥተሃል" አሉት። "ይሄ የእኔ ነው።"